መልስ፦ ኔዘርላንድ ውስጥ ባለችው አመርስፎርት ከተማ ማማው አለ፣ ቤተክርስቲያኑ ግን የት ገባ?

ካርታው ላይ ማማውን እንጂ ቤተክርስቲያኑን አላገኘሁም ብለህ ጠይቀሃል። ካርታህ አልተሳሳተም፤ ቤተክርስቲያኑ ራሱ የለም። ውስጡ ባሩድ ይዘጋጅ ስለነበር በ1787 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ወደመ፤ የተረፈው 98 ሜትሩ የእመቤታችን ማማ ብቻ ነው። አደባባዩ ላይ ቆመህ ወደ መሬት ተመልከት፦ የግድግዳዎቹና የዓምዶቹ ቦታ በተለየ ድንጋይ ተነጥፏል። ብዙ ሰው ሳያየው ረግጦት ያልፋል።

በግማሽ ቀን ለመጨረስ እንዲህ ሂድ፦

1. ከባቡር ጣቢያው በእግር ወደ ኮፐልፖርት። በ1425 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያለቀ፣ መንገዱንም ወንዙንም ባንድ ላይ የሚዘጋ በር ነው። የወንዙን መዝጊያ ሳንቃ የሚያወርዱትና የሚያነሡት ሰዎች በትልልቅ የእንጨት መንኮራኩሮች ውስጥ እየተራመዱ ነበር። መንኮራኩሮቹ ዛሬም አሉ።

2. ከዚያ ሙርሃውዘን ወደሚባለው መንገድ። መንገዱ የሚጠማዘዘው ቤቶቹ በመጀመሪያው የከተማ ቅጥር መስመር ላይ ስለተሠሩ ነው።

3. መጨረሻ ላይ ማማው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ማማው 346 ደረጃ አለው፣ የሚወጣውም በተወሰነ ሰዓት ከአስጎብኚ ጋር ነው። ትኬቱን አስቀድመህ ካልያዝክ ከታች አንጋጠህ ትመለሳለህ። ጉልበትህ ካመመህ ደግሞ ይቅርብህ፤ ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው።