ልጄ አፉን ያልፈታው በእኔ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ አለ። ልጄን ያረገዝኩትም የወለድኩትም መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። በ40 ቀኑ ክርስትና አስነሥቼዋለሁ። በ18 ወሩ የመጨረሻውን ምርመራ አድርጎ ነጻ ነው ተባልኩ። አሁን 20 ወሩ ነው። ይሄዳል፣ ግን አንድም ቃል አይናገርም። ጎረቤቴ «ያንቺ ኃጢአት ነው፤ ኪኒኑን ትተሽ ጠበል ግቢ» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ኪኒኑን እንዳታቋርጪ። ልጅሽን ቫይረሱ ሳይዘው እንዲወለድ የረዳሽ እሱ ነው። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ጠጪ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አብረው ይወሰዳሉ ብለው በአደባባይ አስተምረዋል።

ስለ ኃጢአቱ፦ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱም እንደ ጎረቤትሽ ጠይቀዋል። ጌታ ግን እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ይህን ሸክም ከላይሽ አውርጂው።

በማኅፀን ለቫይረሱ ተጋልጠው ነጻ የሆኑ ልጆች አብዛኞቹ ደህና ያድጋሉ። አንዳንዶቹ ግን በንግግር ወይም በእንቅስቃሴ ይዘገያሉ። ያለጊዜ መወለድ፣ የእናት መታመም፣ የኑሮ ችግርም ይጨመርበታል። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚሉሽ ሊያጽናኑሽ ነው። እኔ ግን አትጠብቂ እልሻለሁ። የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣም ፈጥኖ ነው የሚያድገው፤ እርዳታም የሚሠምረው ያኔ ነው። ክትትል ወደምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ሄደሽ «አይናገርም» በያቸው፣ ጆሮውም ይመርመር። ከቅዳሴ በኋላ ከበሮ ሲመታ ዞር አለ ብለሽ አትዘናጊ። ከበሮ ከፍ ያለ ድምፅ ነው። ከጀርባው ሆነሽ ስሙን ቀስ ብለሽ ስትጠሪውስ ይዞራል?

ቤት ውስጥ ደግሞ አውሪው። ስታለብሺው «እጅህን አምጣ» በይው። ስታጎርሺው እንጀራውን በስሙ ጥሪለት። ማታ ስታማትቢው «በስመ አብ»ን ቀስ ብለሽ በይና፣ «አሜን» ከማለትሽ በፊት ዓይን ዓይኑን እያየሽ ትንሽ ጠብቂው። «አ» ብቻ ቢልም ደስ ይበልሽ፣ እሱም ደስታሽን ይይ።

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ስታስቢ ኪኒኑ አያስጨንቅሽ። ሰዓቱን ወደ ማታ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ልጅሽን ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ አቁርቢው።