«በቤትህም ስትቀመጥ ተጫወተው»፦ ልጆችን ቤት ስለማስተማር ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ልጆችን ቤት ስለማስተማር ስንነጋገር ሰዓት አጠረን። ብዙዎቻችሁ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሰጣችሁኝ። ሦስት ልጆቼን ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ሳስተምር ይኸው 9 ዓመት ሞላኝ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ሕግ ነክ የሆነውን ግን ከመጀመራችሁ በፊት ከምትኖሩበት ስቴት አረጋግጡ፤ ሕግ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ልጆቻችንን ቤት እንድናስተምር ያዘናል? ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የላክን ሰዎች በድለናል?

አልበደላችሁም። ይህን የጠየቃችሁኝ አራት ሰዎች ናችሁ፤ ጭንቀታችሁ ከአጻጻፋችሁ ይታያል።

ሁላችንም የምንጠቅሰው ዘዳግም 6ን ነው። «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ትእዛዙ የተሰጠው ለወላጅ ነው። የሚያወራው ግን ስለ ሒሳብና ሳይንስ አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር ቃል ነው። «ተጫወተው» የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ቡና ላይ ቁጭ ብለን እንደምንጫወተው ማለት ነው። መኪና ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፍን፣ መብራት ጠፍቶ አልጋ ላይ የሚወራ ወሬ።

ሙሴን ተመልከቱ። እናቱ አጥብታ አሳደገችውና ለፈርዖን ልጅ አስረከበችው። የሐዋርያት ሥራ 7፥22 የግብፆችን ጥበብ ሁሉ ተማረ ይላል። ዳንኤልና ጓደኞቹም የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ የተማሩት በባቢሎን ንጉሥ ቤት ነው። የማን ልጆች እንደሆኑ ግን አልረሱም። ስለዚህ እኔ ወላጆችን መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁ የት እንደሚማር ሳይሆን ማታ ማን እንደሚያጫውተው ነው።

እኛ ቤት ማስተማርን የመረጥነው ጊዜ ፈልገን ነው። የመጀመሪያ ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለ ጠዋት ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አውቶቡስ ላይ አሳፍረዋለሁ፤ ማታ አብልቼ አስተኛዋለሁ። በቀን የምናወራው 20 ደቂቃ አይሞላም ነበር። እናንተ ግን የምትጀምሩት ፈርታችሁ ከሆነ ቆም በሉ። ልጄን ከዓለም ልደብቀው ብሎ የጀመረ ወላጅ መጀመሪያ ጎረቤቱን ይፈራል፣ ቀጥሎ መጽሐፉን ይፈራል፣ በመጨረሻም የገዛ ልጁን ጥያቄ ይፈራል።

ጥያቄ፦ ሕጉስ? እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ እህቴ ሜሪላንድ ናት፣ ወንድሜ ጀርመን ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ50ውም ስቴቶች ይፈቀዳል፤ ደንቡ ይለያያል እንጂ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለትምህርት ዲስትሪክትሽ በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ። የምታስተምሪያቸውን ትምህርቶች ዝርዝርም ታያይዣለሽ። በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ታቀርቢያለሽ፤ የፈተና ውጤት ወይም የሚፈቀድለት ሰው የጻፈው ግምገማ ሊሆን ይችላል። እህትሽ ከመጀመሯ 15 ቀን በፊት ማሳወቅ አለባት። የልጁን ሥራ በፎልደር ሰብስባ ለካውንቲው ገምጋሚ ታሳያለች፤ ይህም በዓመት ከ3 ጊዜ አይበልጥም። አለዚያ ቤተ ክርስቲያን በሚቆጣጠረው ፕሮግራም ሥር ትመዘገባለች።

የወንድምሽ ነገር ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ አለበት። በእምነታቸው ምክንያት ቤት ማስተማር የፈለጉ ወላጆች ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወስደውት ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. አቤቱታቸው ውድቅ ሆነ። ስለዚህ ልጁን ትምህርት ቤት ይላክ። ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓትና ቅዳሜ እሁድ የእሱ ነው። ለዘዳግም 6 ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ከ12ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። እንዴት አድርጌ አስተምራለሁ?

ቨርጂኒያ ወላጁ እንዲያሟላ ከምትዘረዝራቸው አማራጮች አንዱ የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው፤ የኢትዮጵያ ማስረጃሽን አስተርጉመሽ ያዢ። ሜሪላንድ ደግሞ ወላጁን ዲፕሎማ አትጠይቅም።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ እኔ ከልጆቼ ጋር ነው የተማርኩት። ከቤተ መጻሕፍት የሚተረክ መጽሐፍ ከነድምፁ እንዋሳለን፤ እነሱም እኔም በጣታችን እየተከተልን እንሰማለን። የማላውቀው ቃል ሲመጣ «ይሄን አላውቀውም፣ እስቲ እንፈልገው» እላለሁ። መጀመሪያ አፍር ነበር። በኋላ ልጆቼ ራሳቸው «አላውቀውም» ማለት እንደማይከብዳቸው አየሁ። ክፍልፋይን ያስተማርኳቸው በድፎ ዳቦ ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያልን ቆርጠን በላነው። አልጀብራ ላይ ስንደርስ አቃተኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ያግዛቸዋል። የግድ ሁሉን አንቺ ማስተማር የለብሽም።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም እንሠራለን። እኔ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ነኝ። ቀን ላይ ማስተማር እችላለሁ ብዬ አስቤአለሁ።

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚህ ሁኔታ አትጀምሪ። እኔ ሞክሬዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ አጠረንና የሌሊት ሥራ ያዝኩ። ጠዋት ገብቼ ሻይ ጠጥቼ ማስተማር እጀምራለሁ። አንድ ቀን በማባዛት ሰንጠረዥ ምክንያት ልጄ ላይ ጮህኩበት። እርሳሱን አስቀመጠና «እማዬ፣ ሂጂ ተኚ» አለኝ። 8 ዓመቱ ነበር። መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማንኛውም እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥት ያጥረዋል። ልጅሽን ትምህርት ቤት ላኪና ከእንቅልፍሽ ስትነቂ ያለውን ሰዓት ያዢ። ከትምህርት ቤት ስትቀበዪው መኪና ውስጥ ስልክሽን ዝጊ። «ዛሬ ማን ብቻውን በላ?» ብለሽ ጠይቂው። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ካልሽው «ጥሩ» ብሎሽ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ጓደኛ አያጣም?

ቤት ተዘግቶበት ከዋለ ያጣል። እኛ ከሌሎች 6 ቤተሰቦች ጋር ዓርብ ዓርብ እንገናኛለን፤ አንዷ እናት ሥዕል፣ ሌላዋ ሳይንስ ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ኳስ አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ይሄ ያንቺ ሥራ ነው» ይለኛል።

ኤፌሶን 6፥4ን አብራችሁ አንብቡት። «እናንተም አባቶች ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለአባቶች ነው የተጻፈው፤ ደግሞም ልጆቻችሁን አታስቈጡ ይላል። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ማታ ግን መዝሙረ ዳዊትን የሚያነበው እሱ ነው። አንድ ምዕራፍ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ። አንዳንዴ እያነበበ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ልጆቹ ብርድ ልብስ ያለብሱታል። ወንድሞቼ፣ ይህን ለምታነቡ አባቶች በፍቅር እለምናችኋለሁ፤ 10 ደቂቃ ስጡ። የሰጣችሁትን 10 ደቂቃ ልጅ አይረሳም።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ «እግዚአብሔር መኖሩን በምን አወቅሽ?» አለኝ። ደንግጬ ተቆጣሁት።

ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ «ዝም በል!» እየተባልን ነው። ስለዚህ ድንጋጤሽ ይገባኛል። ዛሬውኑ ተመልሰሽ ይቅርታ ጠይቂው። ከዚያ የራስሽን ታሪክ ንገሪው። መቼ አመንሽ? መቼ ተጠራጠርሽ? ወደዚህ አገር ስትመጪ በየትኛው ሌሊት ጸለይሽ? ቶማስ ካላየሁ አላምንም ሲል ጌታ አላባረረውም፤ ቁስሉን አሳየው። መልሱን ካላወቅሽ አላውቅም በዪ፤ አብራችሁ ፈልጉ። ልጅሽ አንቺን ከጠየቀ አንቺን አምኖሻል ማለት ነው። ያሳስበኝ የነበረው ጥያቄውን ለስልኩ ብቻ ቢያቀርብ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። ልጄ የልጅ ልጆቼን ቤት ላስተምር ነው ስትለኝ ይበላሻሉ ብዬ ሰጋሁ።

እማማ፣ ስጋትዎ ከፍቅር ነው። ግን እርስዎም አስተማሪ እንደሆኑ ልንገርዎት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ ቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ በእናቱም በኤውንቄ እንደነበረ ያነሣል። አያቲቱን ነው ያስቀደመው።

አማርኛውን እርስዎ ይያዙት። የፊደል ገበታ ይግዙላቸውና በቀን አንድ ረድፍ፣ ሰባት ሆሄ ብቻ ያስቆጥሯቸው። 33 ረድፍ ስለሆነ ከክለሳው ጋር በሁለት ወር ያልቃል። ከዚያ በድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት ይቀጥሉ፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቆይቶም ዳዊትን ያነብ ነበር። እነሱ በግእዝ ነው ያነበቡት፤ የልጅ ልጆችዎ በአማርኛው ያንብቡት። 1ኛ ዮሐንስ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለጀማሪ ይመቻል። የእኔ እናት አዲስ አበባ ሆና በቴሌግራም ነው ያስቆጠረቻቸው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ልጆቹ ደስ ይላቸው ነበር፤ እሷ ግን መልሳ ትደውላለች።

ጥያቄ፦ ጀምረን ቢያቅተንስ?

ትመልሷቸዋላችሁ። የሠፈራችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቀበላቸዋል። የሠሩትን ሥራና የፈተና ውጤታቸውን አትጣሉ፤ የትኛው ክፍል እንደሚገቡ ለመወሰን ይጠየቃል። ሃይስኩል ከደረሱ በየዓመቱ የወሰዱትን ኮርስና ያገኙትን ውጤት መዝግቡ። እኛ መካከለኛዋን ልጃችንን ዘንድሮ ትምህርት ቤት አስገብተናታል፤ ራሷ ፈልጋ ነው። ጠዋት አውቶቡሱ እስኪመጣ አብሬያት እቆማለሁ። 12 ደቂቃ ነው። እንጫወታለን።