«የሰርቪስ አገልግሎት» ድግግሞሽ ነው?

ለገሃር አካባቢ የሚሠሩ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ‹የሰርቪስ አገልግሎት ለጊዜው ተቋርጧል› የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንድ ባልደረባዬ ‹አገልግሎት አገልግሎት ማለት እኮ ነው› ብሎ ‹የሰርቪስ› የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘው። ልክ ነው ወይ?»

ልክ አይደለም። የተሰረዘው ቃል ይመለስ። እስቲ ማስታወቂያውን ያለ እሱ ያንብቡት፦ «አገልግሎት ለጊዜው ተቋርጧል»። ይህን ያየ ባለጉዳይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የተቋረጠው ግን ጠዋትና ማታ ሠራተኛ የሚያመላልሰው መኪና ብቻ ነው።

በእንግሊዝኛ ሰርቪስ ሰፊ ቃል ነው። የአስተናጋጁም ሥራ፣ የወታደሩም ግዳጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ጸሎት በእሱ ይጠራል። ወደ እኛ ሲመጣ ጠበበ፤ የሚጨበጥ ነገር ሆነ። «ሰርቪስ አመለጠኝ» ያለ ሰው ያመለጠው አውቶቡስ ነው። ደላላው «ቪላ፣ ባለ ሦስት ክፍል ሰርቪስ» ሲል ከዋናው ቤት ጀርባ ለማድ ቤትና ለሠራተኛ ማደሪያ የተሠሩትን ክፍሎች ማለቱ ነው። «መኪናዬ ሰርቪስ ገብታለች» ከተባለ ደግሞ ዘይትና ፊልትሮ እየተቀየረላት ነው። በሦስቱም ቦታ «አገልግሎት»ን ተክተው ይሞክሩት። «አገልግሎት አመለጠኝ» የሚል አማርኛ የለም።

የባዕድ ቃል ፍቺ በመጣበት ቋንቋ ይመዘን የሚሉ ሰዎች አሉ። በዚህ ከእነሱ ጋር ተስማምቼ አላውቅም። ለገሃር ከምድር ባቡሩ ጋር የመጣ ስም ነው፤ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። በእነሱ ሚዛን «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» የሚለውም ሊሰረዝ ነው። ማንም አልሰረዘውም፤ ደግም አደረገ።

ሥሩን እንከተል ካሉም እንከተል። ሰርቪስ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው «ሰርቩስ» ነው፤ ባሪያ ማለት ነው። የግእዙ ቅኔም የቅርብ አምሳያው ነው፤ ድርሰቱን ብቻ ሳይሆን መገዛትንና ማገልገልንም ይጠራል። መዝሙር 2፥11 «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይላል። አማርኛው «ተገዙ» ብሎታል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ የሰርቪስን ግስ አስቀምጧል። «ቅኝ ግዛት»ም ከዚሁ ከቀነየ የወጣ ነው። ለጥያቄዎ ይህን ያህል መራቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን ፍቺን ሥር ብቻ ቢወስነው ኖሮ ባለቅኔን ዛሬ በምናከብርበት ክብር ባላከበርነው።

ይህን ስል ሰርቪስ አገልግሎትን ይተካ ማለቴ አይደለም። አገለገለ ወላድ ነው፦ አገልጋይ፣ ተገለገለ፣ ተገልጋይ፣ አገልግሎት። ሰርቪስ አንድም ግስ አልወለደልንም። የጣልያኑ ፊርማ «ፈረመ»ን ሰጥቶናል፤ ሰርቪስ ግን እስከ ዛሬ «አደረገ»ን ተደግፎ ነው የሚሄደው። «ቨ» ራሷ ለባዕድ ድምፅ የተጨመረች ፊደል ናት፤ ብዙ ታላላቆቻችን ዛሬም «ሰርቢስ» ነው የሚሉት። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት «ፈጣን ሰርቪስ እንሰጣለን» ብሎ ሲጽፍ ያመኛል። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያመላልሰው ድርጅት እንኳ በስሙ «ፐብሊክ ሰርቪስ»ንም «የትራንስፖርት አገልግሎት»ንም አብሮ ይዟል። ሁለቱ ቃላት ሥራ ተከፋፍለው ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ።

ከሁሉ የማልወደው ግን «የካፌው ሰርቪስ አሪፍ ነው» የሚለውን ነው። የሚታዘዘን ሰው አስተናጋጅ ነው፤ ሥራውም መስተንግዶ። እንዲህ ያለ የተሟላ ቃል እያለን ምን አስቸገረን? እውነቱን ለመናገር ግን እዚህ ላይ ከማስረጃ ይልቅ ጆሮዬ ነው የሚፈርደው። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ወጣቱ ሰርቪስ ነው የሚለው። ብዙ ሆቴሎችም ሒሳቡ ላይ «ሰርቪስ ቻርጅ» ብለው 10 በመቶ ይጨምራሉ። ልማዱ ገፍቶ ሄዷል፤ ስሕተት ነው ብዬ የምከራከርበት ሕግ የለኝም። በንግግር ይሁን። በጽሑፍ ግን፣ በተለይ ሆቴል ስለ ራሱ በሚያወጣው ማስታወቂያ ላይ፣ መስተንግዶ ይባል።