«ለአንድ ፕሮቲን ሁለት ዓመት?»

የባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነሽ። አማካሪሽ ትሪስቴትራፕሮሊን በሚባል የሰው ፕሮቲን ላይ መመረቂያሽን እንድትሠሪ ርዕስ ሰጥተውሻል። ዱባይ ሆና የምትከፍልልሽ እህትሽ «ለአንድ ፕሮቲን ነው እንዴ እንዲህ የምለፋው?» አለች። አባትሽ ትተሽው ባንክ ግቢ ይላሉ። አንቺ ደግሞ «ይህን ይዤ ማን ይቀጥረኛል?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

በፕሮቲን ስም ማንም አይቀጥርሽም። ቀጣሪ የሚፈልገው እጅሽ ምን እንደሚችል ነው። ርዕሱን የወደድኩልሽም ለዚህ ነው።

ቲቲፒ (በአጭሩ የሚጠራው እንዲህ ነው) ሥራው ማስወገድ ነው። ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያሠራው ኤምአርኤንኤ (ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ የያዘ የአርኤንኤ ዓይነት) ብዙ መቆየት የለበትም። ቲቲፒ እሱ ላይ ይጣበቅና ጅራቱን የሚከረክሙ ኢንዛይሞችን ይጠራል። ጅራቱ ካጠረ በኋላ ኤምአርኤንኤው አይከርምም። እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ሲታዩ፣ ሲወለዱ ደህና ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ከሱ፣ ቆዳቸው ተቆጣ፣ መገጣጠሚያቸው አበጠ። ቀልድ ርዕስ አይደለም። አጎትሽ ግን «የእናትሽን ቁርጥማት ልታድኚ ነው?» ካሉሽ፣ አታድኚም። ቃልም አትግቢ።

አሁን ወደ እጅሽ። በዚህ ርዕስ አንድ ኤምአርኤንኤ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ትለኪያለሽ። አክቲኖማይሲን ዲ የሚባል መድኃኒት ጨምረሽ ሴሉ አዲስ አርኤንኤ እንዳይሠራ ታደርጊያለሽ። ከዚያ በዜሮ፣ በ30፣ በ60 ደቂቃ ናሙና ትወስጃለሽ፤ የቀረውን በፒሲአር ትለኪያለሽ። የቱቦውን አፍ በባዶ ጣት ከነካሽው ቆዳሽ ላይ ያለው ኢንዛይም አርኤንኤውን ይበላዋል። ስለዚህ ጓንት ትቀይሪያለሽ፣ በረዶ ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ሰዓት ትጽፊያለሽ። ይህን የለመደ ሰው የቫይረስ ምርመራ ላብ ሲገባ ባይተዋር አይሆንም። ኮሮና ሲመጣ ሲፈለግ የነበረው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔም የተነሣሁት ከላብ ቴክኒሻንነት ነው፤ ለእጅ ሥራ አደላለሁ ብትዪኝ አልክድም።

ታዲያ እሺ ከማለትሽ በፊት አማካሪሽን ጠይቂ፦ ሪኤጀንቱ (ለሙከራው የሚያስፈልገው ኬሚካል) ፍሪጅ ውስጥ አለ ወይስ «ይመጣል»? የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ «ይመጣል» የተባለ ዕቃ ስንቱን ተማሪ አስቀምጦታል። ፍሪጁን አስከፍተሽ በዓይንሽ እዪ። ማይነስ 80 ፍሪዘሩ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር እንደሚነሣለትም አረጋግጪ፤ ካልተነሣለትና መብራቱ ሳይመለስ ከቆየ የወራት ናሙናሽ ውኃ ይሆናል። ዕቃው ከሌለ ርዕሱ የቱንም ያህል ቢያምር ተዪው፤ ዕቃው የተሟላለት ሌላ የአርኤንኤ ሥራ ውሰጂ።

እህትሽ ላቧን አፍስሳ ስለምትልክ «መቼ ትጨርሻለሽ?» የማለት መብት አላት። ርዕስ የመምረጥ ግን የላትም። ቀኑን ቆርጠሽ ንገሪያት፤ ካለፈ ከእሷ መቀበል አቁሚና ሥራ ፈልጊ። ለአባትሽ ደግሞ ባንኩ ከተመረቅሽ በኋላም እንደማይጠፋ ንገሪያቸው።

ስለ እንግሊዝኛሽ ከሰጋሽ፣ ፕሮቶኮል (የሙከራ መመሪያ) እያነበብሽ ይሻሻላል። ፒኤችዲም ካሰብሽ ለጊዜው ተዪው፤ መጀመሪያ አንድ ዓመት ምርመራ ላብ ውስጥ ሥሪና በራስሽ ደሞዝ ኑሪ።