ስለ ባሕር ወፎችና ስለ ባለቀለም ቀለበት፤ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ በተደረገው የወፍ ተመልካቾች ስብሰባ ላይ የቀረቡ ጥያቄዎችና ጉዞውን ለመከታተል በወፍ እግር ላይ የሚታሰረውን ቀለበት በማንበብ ረጅም ልምድ ያላቸው አባላችን የሰጧቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ጠያቂዎች በየሰፈራቸው ተጠርተዋል። ከርእስ የወጡት ክርክሮችም አልተቆረጡም።

መልስ ሰጪ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ልበል። በሕይወት ያለ ወፍ አትያዙ። በሕይወት ካለ ወፍ እግር ላይ ቀለበት አታውልቁ። ያላያችሁትን ፊደል ከራሳችሁ አትሙሉ። ዛሬ ደጋግሜ እንደምላቸው ስለማውቅ ከወዲሁ ይቅርታ አልጠይቅም። ቀጥሉ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ሐይቅ ዳር አንድ ወፍ አይቼ ነበር። እግሩ ላይ የሆነ ነገር አለ። ከየት የመጣ ይሆን?

መልስ፦ የቱ ሐይቅ? ምን ዓይነት ወፍ? የሆነው ነገር ቀለሙ ምንድን ነው? ፊደል አለው? የቱ እግር ላይ ነው? እነዚህን ይዘህ ስትመጣ እንነጋገራለን።

ከስድስት ኪሎ፦ የብረት ቀለበት እያለ የፕላስቲኩ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይኸውላችሁ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በወፍ እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ ያለው ቀለበት በማሰር ፍልሰትን መከታተል የጀመሩት ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባሉ ዴንማርካዊ መምህር ናቸው። ቪቦርግ በምትባል ከተማ ያስተምሩ ነበር። መጀመሪያ በዚንክ ሞከሩ፤ ለወፎቹ ከበዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ አሉሚኒየም ዞሩና ሥራው ተሳካ። እያንዳንዱ ወፍ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም አይደገምም። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ችግሩ የብረቱ ጽሑፍ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል መሆኑ ነው። ለማንበብ ወፉ በእጅ መግባት አለበት፤ ወይ ተይዞ፣ ወይ ሞቶ። ከትናንሽ ወፎች መካከል ቀለበት ታስሮላቸው ከመቶው የአንዱ እንኳ ወሬ አይሰማም። ባለቀለሙ ቀለበት ግን ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ንጣፎች ተጣብቀው የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። የላይኛው ንጣፍ ሲቀረጽ የታችኛው ቀለም ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ እንደ ቀለም ቅብ ተፍቆ አይጠፋም። በጥሩ ቴሌስኮፕ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ይነበባል፤ ወፉም መነበቡን አያውቅም። አንድን ወፍ በዚህ ዓመት ዝዋይ፣ በሚቀጥለው ሐዋሳ፣ ከዚያ ጎጆው ላይ ማንበብ ይቻላል። ብረቱ የሚነግረን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻውን ነው። መሐሉን የሞላልን ፕላስቲኩ ነው።

ቢሆንም ብረቱ አልቀረም፤ በሌላኛው እግር ላይ ይታሰራል። ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ ይወድቃል፣ ቀለሙም በፀሐይ ይደበዝዛል። ብርቱካናማ የነበረው ቢጫ መስሎ ያሳሳታል። የባሕር ጨው ደግሞ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ለባሕር ወፎች ጠንከር ያለ ብረት ይመረጣል።

ከካዛንቺስ፦ ባሕር የሌላት አገር ላይ የባሕር ወፍ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ዓሣ ይበላል። ወፉ ወደቡ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

አሁን በቁም ነገር። ክረምቱን እኛ ዘንድ ከሚያሳልፉት መካከል ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ፣ ሆዱ ነጭ የሆነውን፣ በእንግሊዝኛ «ጋል» የሚባለውን ትልቅ ወፍ አስቡ። ክረምት ስል የእነርሱን ክረምት ነው፤ ለእኛ በጋ ነው። ጀርባው እንደ ከሰል የጠቆረው ዓይነት የሚራባው በባልቲክ ባሕር ዙሪያ፣ በተለይም በፊንላንድ ነው። የምዕራብ አውሮፓ ዘመዶቹ በስፔንና በሞሮኮ በኩል ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲወርዱ እርሱ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይነሣል። ምሥራቅ አውሮፓን አቋርጦ፣ የሜዲትራኒያንን ምሥራቃዊ ዳርቻ አልፎ፣ በዓባይ ሸለቆ ሽቅብ ይመጣል። ብዙዎቹ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘልቃሉ፤ በእኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚቀሩም አሉ። ከሰሜን ሩሲያ የሚመጣ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ ዘመድም አለው። ሁለቱ በአንድ የዓሣ ማራገፊያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ማን ከየት እንደመጣ በዓይን ብቻ መለየት ለልምድ ያላቸውም ከባድ ነው፤ ቀለበት ያለበት እንደሆነ ግን ክርክሩ ያልቃል።

ከአምባሳደር፦ መስቀል አደባባይ ላይ የሚዞሩትስ የባሕር ወፎች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ አሞሮች ናቸው። ከከተማ ሳትርቁ ለመሞከር ገፈርሳና አባ ሳሙኤል አሉላችሁ። ቀለበት ለማንበብ ግን ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ውረዱ።

ከሳር ቤት፦ አባ ሳሙኤል? እርሱማ እምቦጭ ውጦታል። ይህ አረም ከጣና መጥቶ አገሩን አዳረሰው።

ከካዛንቺስ፦ ከጣና አልመጣም! ቆቃ ላይ እኮ እ.ኤ.አ. በ1965 ታይቷል። ጣና ላይ የታየው ገና በ2011 ነው።

ከሳር ቤት፦ በየትኛው አቆጣጠር?

ከካዛንቺስ፦ እ.ኤ.አ. አልኩ እኮ!

መልስ፦ ስለ አረም ለመነጋገር ሌላ ቀን እንሰብሰብ። ነገር ግን «በየትኛው አቆጣጠር» ያልከው ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ልመጣበት የነበረው ነገር ይህ ነው።

አንድ ሰው በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2017፣ ሐዋሳ ላይ ቀለበት አነበበ እንበል። በቅጹ ላይ 11/5/2017 ብሎ ጻፈ፤ ለእኛ ጥር አምስተኛ ወር ነውና። ሰዓቱንም «ጠዋት 3» አለ። ይህ የፊንላንድ ቀለበቶች ወደሚመዘገቡበት ወደ ሄልሲንኪ ሲደርስ ምን ተብሎ ይነበባል? እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በሜይ ወር ያ ወፍ ፊንላንድ ጎጆው ላይ ነው። ምናልባት በ2017 ጭራሽ አልተፈለፈለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ማን ምን ያያል? እዚያ ያለው ሠራተኛ መረጃውን ስህተት ብሎ ይጥለዋል፤ አይፈረድበትም። ትክክለኛው ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ በፈረንጆቹ ሰዓት ጠዋት 9፡00 ነው።

ደግሞም ዝም ብላችሁ ስምንት አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ ሲገባ ስምንት ይሆናል። ወፎቹ እኛ ዘንድ የሚከርሙት ይህን መሻገሪያ ይዘው ስለሆነ የአንድ ወቅት ምልከታ እንኳ በሁለት ዓይነት ስሌት ይገለበጣል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ቁጥር በቁጥር አትጻፉ።

ከልደታ፦ ቀለበቱ ወፉን አይጎዳውም?

መልስ፦ በሠለጠነ እጅ በልኩ ከታሰረ ላላ ብሎ ይሽከረከራል፤ አይጎዳም። በማያውቅ እጅ ይጎዳል።

ከስድስት ኪሎ፦ እንግዲያው እኛም ማሰር እንችላለን?

መልስ፦ ሥልጠናና ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሲኖርህ። እስከዚያው አንብብ።

ከቸርችል ጎዳና፦ አሁን የሳተላይት መከታተያ እያለ በቀለበት መድከም ጊዜ ማባከን አይመስልዎትም?

መልስ፦ አይመስለኝም። መከታተያው መንገዱን ያሳያል፤ ያንን አልክድም። የአርክቲክ ተርን የሚባለው ወፍ በዓመት በአማካይ 71,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበር የታወቀው ግሪንላንድ ላይ በታሰሩ 1.4 ግራም በሚመዝኑ መሣሪያዎች ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። እነዚያ ግን የብርሃንን መጠን እየመዘገቡ የሚያከማቹ እንጂ ከሰማይ የሚያወሩ አይደሉም። መረጃውን ለማግኘት ወፉን መልሶ መያዝ ያስፈልጋል።

የዕድሜ ጉዳይ ሲመጣ ግን ቀለበትን የሚተካ የለም። በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ሚድዌይ ደሴት ላይ ዊዝደም የምትባል አልባትሮስ የተባለ ትልቅ የባሕር ወፍ አለች። ቻንድለር ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ቀለበት አሰሩላት። ያን ጊዜም ለአቅመ መራባት የደረሰች ነበረች። እኚሁ ሰው በ2002 እዚያው ደሴት ላይ መልሰው አገኟት። በመካከሉ ብረቱ እየተበላ ሌላ ሲተካላት ቁጥሩ ከቁጥር ጋር እየተያያዘ ስለተመዘገበ ነው ያች መሆኗ የታወቀው። አሁን ዜድ 333 የሚል ቀይ ቀለበት አላት፤ በ2024 መጨረሻ ላይም እንቁላል ጥላለች። የትኛው ባትሪ ነው ይህን ያህል የሚቆየው?

ከቸርችል ጎዳና፦ የፀሐይ ኃይል የሚጠቀሙ አሉ እኮ።

መልስ፦ አሉ። ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ንገረኝ።

ከመርካቶ፦ በዚህ ሰበብ የሚሰልሉ የሉም? ግብፅ ውስጥ ሽመላ ታስራ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ከልደታ፦ እውነት ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ። ሱዳን ውስጥም ጥንብ አንሳ ይዘው ነበር።

ከሳር ቤት፦ ያለ ምክንያት አያስሩም!

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ውስጥ ቀና አካባቢ አንድ ሽመላ በስለላ ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር፤ የተገኘበት የተመራማሪዎች መከታተያ ሆነና ተለቀቀ። የፕላስቲክ ቀለበት ደግሞ ከሦስትና ከአራት ፊደል በስተቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ቀጥሉ።

ከአራት ኪሎ፦ ፊደሉ አልነበብ ሲለኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ታገሺ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ በጠዋት ዓሣ ሲጸዳ ወፎቹ ከአባ ኮዳዎቹ እግር ሥር ገብተው የተጣለ አንጀት ይሻማሉ። ቀለበቱ በጭቃና በደም ይሸፈናል፤ አንዴ የላይኛው ፊደል ብቻ ይታያል፣ ወፉ ሲዞር የታችኛው። ከመጉረስ የሚያርፉበትን፣ ውኃ ዳር ወርደው የሚታጠቡበትን ጠብቂ። ታጥቦ ሲወጣ ቀለበቱም ይጠራል። ያን ጊዜ ደጋግመሽ አንብቢ፤ በስልክሽ በቴሌስኮፑ በኩል ፎቶግራፍ አንሺ። ቢ እና 8፣ ኤስ እና 5፣ አይ እና 1 ያሳስታሉ፤ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚመሳሰሉትን የሚተዉት ለዚህ ነው። ለጓደኛሽ በስልክ ስታስተላልፊም ጄ እና ጂ ይምታታሉ፤ ጽፈሽ ላኪ እንጂ በቃል አትናገሪ። ሦስቱን ፊደል አይተሽ አራተኛው ካልታየሽ በአራተኛው ቦታ የጥያቄ ምልክት አድርጊ። ጎዶሎ ንባብ ከብረቱ ወይም ከሌላ ቀን ምልከታ ጋር ተገናኝቶ ሊሞላ ይችላል። በግምት የተሞላ ንባብ ግን የሌላ ወፍ ታሪክ ውስጥ ይገባል፤ ሞቶ የተቀበረውን አስነሥቶ ሐዋሳ ላይ ያስበላዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያወጣዋል?

ከመርካቶ፦ ሪፖርት ላደረገ ክፍያ አለ?

መልስ፦ የለም። የወፉ ታሪክ ይላክልሃል፤ የት እንደተፈለፈለ፣ መቼ እንደታሰረ፣ ማን የት እንዳየው።

ከሳር ቤት፦ ቀለበቱን አውልቄ ባመጣው አይሻልም?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ?

ከሳር ቤት፦ ከሞተስ?

መልስ፦ ከሞተ አዎ። አውልቅ፣ ቁጥሩን ገልብጥ፣ ፎቶግራፍ አንሣ፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጻፍ። ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር?

ከሳር ቤት፦ በፈረንጆቹ።

መልስ፦ ጎበዝ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ስልኬ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ዝዋይ፣ ዓሣ ማራገፊያው ጋ ነው። ጀርባው ጥቁር ነው። ነጭ ቀለበት ላይ ጥቁር ፊደል አለ፤ መጀመሪያው ኬ፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛውን ጭቃ ሸፍኖታል።

መልስ፦ ሦስተኛውን ባዶ ተወው። ቀለበቱ ከመገጣጠሚያው በላይ ነው ወይስ በታች? ጉልበት የሚመስለውን ማለቴ ነው፤ የወፍ ቁርጭምጭሚቱ እርሱ ነው።

ከፒያሳ፦ በታች። ግራ እግሩ ላይ።

መልስ፦ በወፉ ግራ ወይስ በአንተ ግራ?

ከፒያሳ፦ ፎቶግራፉን ያነሣሁት ከኋላው ቆሜ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው አንድ ነው። ግራ ብለህ ጻፍ። ሁለተኛው እግር ላይስ ብረት አለ?