ጠንቋይ ወይስ ባለዛር? አለ ወይስ አለች?

ጥያቄ፦ የአንዲት ኮሪያዊት ሴት የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው። መናፍስት የሚወርዱባት ሴት ናት። «ጠንቋይ» ልበላት ወይስ «ባለዛር»? መንፈሱ በእሷ አፍ ሲናገርስ «አለ» ነው የሚባለው «አለች»?

መልስ፦ «ጠንቋይ»ን ይተዉት። ስድብ ሆኗል፤ አንባቢው ታሪኩን ሳይጀምር ይፈርድባታል።

«ባለዛር» ይቀርባል። ኮሪያ ውስጥ መጀመሪያ «ሺንብዮንግ» የሚሉት፣ መድኃኒት አልመልስ ያለው ሕመም ይመጣል፤ ከዚያ «ኔሪምጉት» በሚባል ሥርዓት መንፈሱ ይወርድና ታማሚዋ ራሷ አገልጋይ ትሆናለች። ዛርም ብዙ ጊዜ በሕመም ነው የሚጀምረው። ግን «ባለዛር» ካሉ አንባቢው የራሳችንን ጭዳና ጭሳጭስ ያያል፣ ኮሪያ ትጠፋለች። ስለዚህ አንዴ «እንደኛ ባለዛር» ብለው ያስረዱና ኮሪያውያኑ በሚሏት ስም ይቀጥሉ። የታወቀው ስም «ሙዳንግ» ነው፤ እሱም እዚያው አገር ንቀት አለበት። በአክብሮት ሲጠሯት «ማንሺን» ይላሉ፣ አሥር ሺህ መናፍስት እንደማለት።

ደግሞ አንቱ ይበሏት። እውቋን ማንሺን ኪም ኩምሁዋን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1931 ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሆነው በህዋንግሄ ተወለዱ፣ በ17 ዓመታቸው በአያታቸው እጅ መንፈስ ተቀበሉ፣ በጦርነቱ ወደ ደቡብ ተሰደዱ፣ መንግሥት ሥርዓቱን «አጉል እምነት» ብሎ ሲያሳድድ ከርሞ በ1985 እሳቸውኑ የብሔራዊ ቅርስ ባለቤት አድርጎ መዘገበ። በ2019 አረፉ። ለልጅነታቸው «ታመመች»፣ ለእርጅናቸው «አረፉ» ካሉ ክብሩን የሰጣቸው የመንግሥት ወረቀት ይመስላል። ከ«ተወለዱ» ጀምሮ አንቱ!

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ደስ ይላል። ማንሺኗ «ጄኔራል» የሚባለውን መንፈስ ልብስ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው የገለባ መቁረጫ ስለት ላይ ቆመው ለቤተሰቡ ሲናገሩ ተናጋሪው ማነው? ለሥርዓቱ ሰዎች ጄኔራሉ ነው። ስለዚህ «አለ»። ልብሱን አውልቀው ውሃ ሲጠይቁ «አሉ»። በአማርኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዛር የሰፈረባትን ሴት «ምን ትፈልጋለህ?» ብለን እንጠይቅ የለ እንዴ! አንባቢው እንዳይምታታበት ግን ልብሱ ሲቀየር ያሳዩት፤ ግሱ ያኔ ይቀየር።

«ይባላል»፣ «ተብሎ ይታመናል» እያሉ በየመስመሩ አያቆራርጡት። መግቢያው ላይ አንዴ ይበቃል፤ ከዚያ ሴትየዋ እንዳወሩት «ወረደብኝ» ካሉ «ወረደባቸው» ብለው ይጻፉ።