ከጃፓን ሴት ድምፃውያን ማን ትበልጣለች? ጥያቄና መልስ

ስለ ጃፓን ሴት ዘፋኞች ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ክርክሩ የጦፈባቸውን መርጬ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን። በሽያጭ አንደኛ ማን ናት?

መልስ፦ በአንድ አልበም ከሆነ ሂካሩ ኡታዳ። በ1999 የወጣው «ፈርስት ላቭ» ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እስካሁን የደረሰበት አልበም የለም። ኡታዳ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። «ነበሩ» ያልኩት በስህተት አይደለም። በ2021 ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው እንደማይመድቡ ተናግረዋል። አማርኛ ደግሞ ለዚህ አይቸገርም፣ አንቱታ ጾታ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ኡታዳና አዩሚ ሃማሳኪ ተቀናቃኞች ነበሩ አይደል?

መልስ፦ ፉክክሩን ይበልጥ ያራገበው ሚዲያው ነው። ማርች 28 ቀን 2001 የሁለቱም አልበም በአንድ ቀን ወጣ። የኡታዳ አዲስ ሥራ ነው፣ የአዩሚ የምርጥ ዘፈኖቿ ስብስብ። በመጀመሪያው ሳምንት ኡታዳ 3 ሚሊዮን ሲሞሉ አዩሚ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሸጠች። እኔን የሚገርመኝ አሸናፊው አይደለም። በአንድ ሳምንት ወደ 6 ሚሊዮን ሲዲ ገዝቶ ወደ ቤቱ የገባው ሕዝብ ነው! አዩሚም ቢሆን ባዶ እጇን አልቀረችም። ከ2001 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን ዋና ሽልማት ወስዳለች።

ጥያቄ፦ ሴይኮ ማትሱዳ ወይስ አኪና ናካሞሪ?

መልስ፦ ይሄ የ80ዎቹ ጠብ ነው፣ ዛሬም አልበረደም። ሴይኮ 24 ነጠላ ዜማዎቿ በተከታታይ በኦሪኮን፣ ማለትም በጃፓን የሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ፣ አንደኛ ወጥተዋል። አኪና ያንኑ የጃፓን ሪከርድ ዋና ሽልማት በ1985 እና በ1986 ደጋግማ በላችው። ሴይኮ ፈገግታ ናት፣ አኪና የሌሊት ድምፅ አላት። እኔ የአኪና ወገን ነኝ። ቅር ያለው ሻይ ይጋብዘኝና እንከራከር።

ጥያቄ፦ ሞሞዬ ያማጉቺ የዘፈነችው 7 ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ሁሌ ስሟ ይነሳል?

መልስ፦ በአወጣጧ። በ1973 በ14 ዓመቷ ጀመረች። በኦክቶበር 1980፣ ገና በ21 ዓመቷ፣ ቶኪዮ ባለው ትልቅ አዳራሽ በኒፖን ቡዶካን የመጨረሻ ኮንሰርቷን አቀረበች። ነጩን ማይክሮፎኗን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ተዋናዩን ቶሞካዙ ሚዩራን አገባች፣ ወደ ዘፈንም አልተመለሰችም። ሦስቴ ተሰናብቶ አራቴ የሚመለስ ዘፋኝ ስንት አይተናል?

ጥያቄ፦ ናሚዬ አሙሮስ?

መልስ፦ የኦኪናዋ ደሴት ልጅ! በ90ዎቹ አጋማሽ ልጃገረዶቹ ቅንድባቸውን አሳስተው፣ ሚኒ ስከርትና ወፍራም ሶል ያለው ቡትስ ለብሰው እሷን መሰሉ። በ2018 በ40 ዓመቷ በቃኝ አለች። በ2017 የወጣው ስብስቧ፣ ሲዲ በቀዘቀዘበት ዘመን፣ 2 ሚሊዮን አልፏል።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹን ስሰማ ትዝታ የምሰማ ይመስለኛል። ጆሮዬ ነው?

መልስ፦ ጆሮህ ጤነኛ ነው። ኤንካ የሚሉት የድሮ ስልት ብዙ ጊዜ በአምስት ድምፅ ይዘፈናል። ኪቦርድ ካለህ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለህ ሞክረው። የኛ ትዝታ ማይነር ማለት ነው። ልብን የሚነካው ለዚህ ይሆናል። ከዚያ ሂባሪ ሚሶራን ክፈትና አዳምጥ። ጃፓን ከጦርነት ፍርስራሽ ስትነሳ በልጅነቷ የዘፈነች ናት። በ1989 በ52 ዓመቷ አረፈች፣ የጃፓን መንግሥት የሚሰጠውን የሕዝብ ክብር ሽልማት በማግኘትም የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አሻራ ከተባለ የእኔ መልስ ሚሶራ ናት። በነገራችን ላይ የኡታዳ እናት ኬይኮ ፉጂም የኤንካ ዘፋኝ ነበረች።

ጥያቄ፦ አዶን ከነዚህ ተርታ ታሰልፋታለህ?

መልስ፦ አዶ ፊቷን ሳታሳይ የምትዘፍን ወጣት ናት። በኤፕሪል 2024 በቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ብቻዋን ኮንሰርት ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ድምፅ ካላችሁኝ አላት። አሻራ ካላችሁኝ ግን ከ20 ዓመት በኋላ ጠይቁኝ።